የጋራዥ ጣልያንኛ

«በጣልያንኛ ጻፍልኝ» አለችኝ ረውዳ፣
ከቬሮና ደውላ፣ ሌሊት፣ ከሰው ጓዳ።
«አሮጊቷ ተኝታለች፣ ድምፄን ዝቅ ላድርገው፤
በዚህ ቋንቋ እስካሁን የማውቀው ትእዛዝ ነው፦
ውሃ አምጪ፣ ክኒኑን፣ ትራሱን ከፍ አርጊው፣
ነፋስ ገባ፣ መስኮቱን ዝጊው።
ሁለት ዓመት ሰማሁት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ
አንድም ቃል ለእኔ ሲል አልወጣም ከውሉ።
አንድ ደግ ነገር በለኝ፣ አንተ ጀምርልኝ፣
ነገ ስትጠራኝ ምናልባት ይለዝብልኝ።»

እኔ ደግሞ የቱን አውቄ?
አጂፕ፣ ከጎሚስታው አጥር ስር፣ ጀርባዬን ለጭቃ ሰጥቼ የምውል፣
ሰው በፊቴ ሳይሆን በጫማዬ የሚለየኝ።
ጣልያንኛዬ ከአባ ዱራ፣ የአባ ዱራም ከጌታው፣
ከእጅ ወደ እጅ በግራሶ ታሽቶ የመጣው፦
ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ፒንሳ፣
ቡሎንና ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሞላ።
የጅማን ዝናብ ጠጥተው የዛጉ ቃላት ናቸው፣
አገራቸውን ቢጠየቁ «ሂርማታ» የሚሉ።

የሆነው ሆኖ ጻፍሁ፤ በፊልትሮ ካርቶን ጀርባ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሌሊቱ ሲገባ፦
«ረውዳዬ፣ ፍሪሲዮኔ አልቋል፤ ካምቢዮ አልገባ አለኝ፤
የጅሬንን ዳገት ሳጋምስ ወደ ኋላ ይስበኛል።
ዳዶ የጠፋበት ቡሎን ነኝ፤
ጥርሴ አለ፣ የሚይዘው የለኝ።»

አባ ዱራ መነጽሩን አውርዶ አነበበና
«ይሄ፣ ልጄ፣» አለኝ፣ «ፍቅር ነው ወይስ የጥገና ሂሳብ?»
ካርቶኑን መለሰልኝ። ሻዩን ጠጣ። ዝናቡን አየ።
ከዚያ ነው፣ ሳልጠይቀው፣
«ጌታዬ» ብሎ የጀመረ፣
«ሞተር ሲያነክስ ጆሮውን ክዳኑ ላይ ጥሎ
‹ማንካ› ይል ነበር። ጎደለ ማለት ነው።
‹ማንካ ኦሊዮ›፣ ዘይት። ‹ማንካ አኳ›፣ ውሃ።
የሰውን አላውቅም።
ሚስቱ ባሕር ማዶ ነበረች፤ አንዳንድ ማታ ግን
ጋራዡ ውስጥ አንድም መኪና ሳይኖር
‹ማንካ› ሲል ሰምቻለሁ፣ ለብቻው።»

በማግስቱ ነገርኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።
«‹ሚ ማንኪ›» አለች ቀስ ብላ። «አሮጊቷ ትላለች፣
ሌሊት ሌሊት፣ ከአልጋዋ ማዶ ለተሰቀለው ፎቶ።
እኔ እኮ ዕቃ ጠፋብኝ የምትል መስሎኝ
ስንት ሌሊት ተነስቼ መሳቢያ ፈተሽኩ!»

ሚ ማንኪ። ትጎድይኛለሽ።
እኔ ምንም አልሠራሁ፤ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።
በአማርኛም ገልብጬ ሳየው «ናፈቅሽኝ» ነው ቃሉ፣
ግሱ ያንቺ ነው ሙሉ፤
ለእኔ የደረሰኝ ጫፉ ላይ ያለችው «ኝ» ብቻ፣
እንደ ተጎታች በሰንሰለት የታሰረች።
«ሲ ያዴ» ስልሽ ብቻ ነው፣ በእናቶቻችን ቋንቋ፣
አሳቢው እኔ የምሆን፤
እሱንም የምልሽ በር ላይ ነበር፣
ማታ ተመልሰሽ ልትመጪ።

ዛሬ አንድ ሰይቼንቶ መጣ፣ በሦስት እግሩ የሚያነክስ፤
አራተኛዋ ካንዴላ ሞታለች።
ስልኬን ክዳኑ ላይ አስጠግቼ ድምፁን ቀዳሁላት፦
ሦስት ምት፣ ባዶ። ሦስት ምት፣ ባዶ።
ባዶው ላይ «ሚ ማንኪ» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ፣
ባለመኪናው ከጃንጥላው ስር አፍጥጦ እያየኝ።

መልሷ ሲነጋ ገባ፦
«ዛሬ ‹አኳ› ስትለኝ ዘወር ብዬ አየሁ፤
አንተ የጠራኸኝ መሰለኝ።
ውሃውን ሰጥቻት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣
የሰውየውን ስም ጠየቅኋት፣ የፎቶውን።
አዴልሞ ይባላል።
እጄን ይዛ ቆየች።»

ካንዴላው መርካቶም አልተገኘም።
ሰይቼንቶው ገና በሦስት ነው የሚሄድ።